የአያቶች ርስት በተራራ ወገብ ላይ፦ የኢፉጋኦ ሩዝ ገበሬዎች ልማድ

ቅዳሜ ምሳ ላይ ሩዝ ቀርቦ ልጅዎ ግማሹን በሳህኑ ጥግ ሰብስቦ ሲነሳ ምን ይሉታል? ብዙዎቻችን «እህል አይጣልም» እንላለን። ልጁም ሁለት ማንኪያ ይጨምርና ወደ ጨዋታው ይሮጣል። እውነቱን ለመናገር ግን እኛም ብንሆን ያ ሩዝ የት እንደበቀለ፣ ማን እንደዘራው፣ ማን እንዳጨደው አናውቅም። ከሱቅ በኪሎ ተገዝቶ፣ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ የቀረበ ምግብ ነው።

በዚህ ወር ሩዝ ከሱቅ ሳይሆን ከአያት ወደሚገኝበት አገር እንወስድዎታለን። በዚያ አገር ሩዝ የቤተሰብ ርስት ነው። የሚዘራው በተራራ ወገብ ላይ እንደ ደረጃ በተሠራ እርከን ነው። ለመዝራት ቀዳሚ ቤት አለው፤ በጎተራ ውስጥ ጠባቂ አለው፤ ሲታጨድ የሚዘፈንለት ዘፈን አለው፤ የራሱ የዕረፍት ቀን እንኳ አለው። ዛሬ ግን እኛ ወላጆች ሁሉ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ የምናውቀው ጥያቄ ገጥሞታል፦ ልጆቹ ተምረው ከተማ ሲገቡ ርስቱን ማን ይረከባል?

ተራራውን ደረጃ ያደረጉት ሰዎች

አገሩ ፊሊፒንስ ነው። ከዋና ከተማዋ ከማኒላ ወደ ሰሜን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የሉዞን ደሴት ሜዳ ያልቅና የኮርዲዬራ ተራሮች ይጀምራሉ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ብዙ መንገደኞች በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍረው ጠዋት ባናዌ የምትባለው ከተማ ይደርሳሉ። ከከተማዋ በላይ ካለው ኮረብታ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ ተራራው ከእግሩ እስከ ትከሻው በእርከን ተከርክሞ ያገኙታል። እርከኖቹ ውሃ በሚይዙበት ወራት እያንዳንዱ ማሳ እንደ መስታወት ሰማዩን ያሳያል። ሩዙ ሲያድግ ደግሞ ሸንተረሩ ሁሉ አረንጓዴ ይለብሳል።

የዚህ ሥራ ባለቤቶች የኢፉጋኦ ሕዝብ ናቸው። የስማቸው ትርጉም «ከኮረብታ የሆነ ሰው» እንደ ማለት ነው ይባላል። ስፔን ፊሊፒንስን ከ300 ዓመት በላይ ስትገዛ እነዚህን ተራሮች ሙሉ በሙሉ ማስገበር አልቻለችም። ካቡን የሠሩት እንደየአካባቢው በድንጋይ ወይም በጭቃ ሲሆን፣ ብዙ ቦታ ከሰው ቁመት ይበልጣል። በባታድ መንደር እርከኖቹ ግማሽ ክብ ሠርተው እንደ ስታዲየም መቀመጫ ይደረደራሉ። እስከዚህ ዘመን ድረስ መንደሩን ለማየት የመጨረሻውን መንገድ በእግር መውረድ ግድ ነው።

ዕድሜያቸው ስንት ነው? ለረጅም ጊዜ 2,000 ዓመት ነው ሲባል ኖሯል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ስቴፈን አካባዶና ባልደረቦቹ በአካባቢው ባደረጉት ቁፋሮ ግን የተለየ ሐሳብ አቅርበዋል። በእነርሱ ግምት በእርከኖቹ ላይ ሩዝ በስፋት መዘራት የጀመረው ከ400 ዓመት ገደማ ወዲህ፣ ስፔናውያን ወደ ሉዞን ከመጡ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በአካባቢው ይበቅል የነበረው እኛም የምናውቀው ጎደሬ ነው። ይህ ከሆነ ታሪኩ ይበልጥ ያስገርማል እንጂ አያንስም። ከወራሪ ሸሽቶ ዳገት የወጣ ሕዝብ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ተራራ ከርክሞ፣ ውሃ ጠልፎ፣ ሩዝ አብቅሏል ማለት ነውና።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1995 ከእነዚህ እርከኖች አምስቱን ስፍራዎች በዓለም ቅርስነት መዘገበ። እነርሱም ባታድ፣ ባንጋአን፣ ማዮያዎ፣ ሁንግዱዋንና በኪያንጋን የሚገኘው ናጋካዳን ናቸው። ፊሊፒናውያን እርከኖቹን በ20 ፔሶ የወረቀት ገንዘባቸው ላይ አትመዋቸው ያውቃሉ።

ውሃው የሚጀምረው ከጫካው ነው

ቱሪስቱ ፎቶ የሚያነሳው ማሳውን ነው። የኢፉጋኦ ሽማግሌ ግን በመጀመሪያ የሚያሳይዎ ከማሳው በላይ ያለውን ጫካ ይሆናል። ጫካው «ሙዮንግ» ይባላል። እያንዳንዱ ሙዮንግ ባለቤት ቤተሰብ አለው፤ ከማሳው ጋር በውርስ ይተላለፋል። ማገዶ፣ ለቤት የሚሆን እንጨት፣ ለቅርጻ ቅርጽ የሚመረጥ ግንድ፣ መድኃኒትና ፍራፍሬ ከዚያ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ግን ጫካው የዝናቡን ውሃ ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል። ሙዮንጉ ከተጨፈጨፈ ማሳው ይጠማል።

ከጫካው የሚወርደው ውሃ በቦይ ተመርቶ የላይኛው ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ሞልቶ ወደ ታችኛው ይፈስሳል፤ እንዲህ እያለ እስከ ወንዙ ይወርዳል። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ። የእርስዎ ማሳ በመካከል ቢሆን ውሃ የሚያገኙት የላይኛው ጎረቤትዎ ካቡን ጠብቆ፣ ቦዩን ጠርጎ፣ ውሃውን ሲያሳልፍልዎ ብቻ ነው። የላይኛው ካብ ከተናደ ጭቃውና ድንጋዩ በእርስዎ ሩዝ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በኢፉጋኦ ብቻውን ጎበዝ የሆነ ገበሬ ሊኖር አይችልም። ከዚህ በታች የምናነሳቸው ልማዶች ሁሉ የሚነሱት ከዚህ አንድ እውነት ነው።

ከዘር እስከ አጨዳ

የአገሬው ሩዝ «ቲናዎን» ይባላል። ትርጉሙ «በዓመት አንዴ» የሚል ነው። በሜዳው የሚዘሩት አዳዲስ ዝርያዎች በዓመት ሁለት ጊዜና ከዚያም በላይ ሲታጨዱ ቲናዎን በተራራው ቅዝቃዜ ውስጥ ቀስ ብሎ ያድጋል። በአብዛኛው በታኅሣሥ አካባቢ የችግኝ መደብ ላይ ይዘራል፣ በጥርና በየካቲት ወደ ማሳው ይዛወራል፣ በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል። አንድ ምርት ለማግኘት ከግማሽ ዓመት በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ማንም ተነስቶ ደስ ባለው ቀን አይዘራም። በአንድ የእርሻ ቀበሌ ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ የሚዘራና የሚያጭድ አንድ የታወቀ ማሳ አለ። የዚህ ማሳ ባለቤት «ቱሞና» ይባላል። ቱሞናው ከዘራ በኋላ ሌላው ይከተላል፤ ቱሞናው የመጀመሪያውን ዛላ ከቆረጠ በኋላ የሌሎቹ አጨዳ ይከፈታል። ለውጭ ሰው የክብር ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያስቡት፦ ሁሉም በአንድ ወቅት ከዘራ ውሃው በተራ ይዳረሳል፤ ወፉና አይጡም አንዱን ቀድሞ የደረሰ ማሳ ለይተው አያወድሙም። ልማዱ በአንድ ሰው ስም የሚጠራ የሁሉም ሰው የቀን መቁጠሪያ ነው።

ሥራው በቤተሰብ ይከፈላል። ካብ መጠገንና አፈር መሸከም ባመዛኙ የወንዶች ሥራ ነው። ችግኝ ማዛወር፣ ማረምና ማጨድ ባመዛኙ የሴቶች ነው። የታረመው አረም አይጣልም፤ በእግር ተረግጦ ጭቃው ውስጥ ይቀበርና ማዳበሪያ ይሆናል። ጉልበት ሲያጥር ደግሞ «ኡቡ» አለ። ዛሬ እኔ ከአንቺ ማሳ፣ ነገ አንቺ ከእኔ ማሳ ማለት ነው፤ የእኛ አገር ገበሬ ወንፈል የሚለው መሆኑ ነው። አንዱ ቤት ካቡ ተንዶበት ወይም ቤቱ ፈርሶበት ሲቸገር ያለ ብድራት የሚደረገው እርዳታ ደግሞ «ባዳንግ» ይባላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን ተረት እዚያ ተራራ ላይ በድንጋይ ተጽፎ ይገኛል።

ከሁሉም ሥራ በጣም የሚከበረው ግን ዘር መምረጥ ነው። አጨዳው ከመጀመሩ በፊት ልምድ ያላቸው ሴቶች በማሳው መካከል እየተዘዋወሩ ረጅሙን፣ ፍሬው የሞላውንና ጤነኛውን ዛላ ለይተው ይቆርጣሉ። የሚመጣው ዓመት ዘር ይህ ነው። ሌላው እህል ሁሉ ቢበላ እርሱ አይነካም። የትኛው ዝርያ ቅዝቃዜ እንደሚችል፣ የትኛው ለየትኛው ማሳ እንደሚስማማ፣ የትኛው ለመጠጥ እንደሚሆን የሚያውቁት እነዚህ ሴቶች ናቸው። እውቀቱ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ልጅቷ ከእናቷና ከአያቷ ኋላ እየተከተለች ዛላ ስትቆርጥ ትማረዋለች፤ ካልተከተለች ግን የምታገኝበት ሌላ ቦታ የለም።

አጨዳውም እንደ ዘር መረጣው በእጅ ነው። በመዳፍ በምትያዝ ትንሽ ስለት ዛላው አንድ በአንድ ይቆረጥና በእስር በእስር ይታሰራል። እስሩ ከደረቀ በኋላ ሳይወቃ ወደ ጎተራ ይገባል። ለምግብ የሚሆነው በየጊዜው ወጥቶ በሙቀጫ ይወቀጣል።

የጎተራው ጠባቂ

የኢፉጋኦ ባህላዊ ቤት በአራት ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ፣ ያለ ሚስማር የተገጣጠመ፣ ጣራው በሣር የተከደነ ነው። በምሰሶዎቹ ወገብ ላይ ክብ እንጨት ይገጠምላቸዋል፤ አይጥ ወደ ላይ ስትወጣ እዚያ ስትደርስ መንገዱ ይዘጋባታል። ጎተራውም በተመሳሳይ መልክ ይሠራል። በጎተራው ውስጥ ከሩዙ አጠገብ ከእንጨት የተቀረጹ የሰው ምስሎች ይቀመጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ወንድና ሴት ጥንድ ናቸው። ስማቸው «ቡሉል» ይባላል። በአባቶች እምነት ቡሉል ሩዙን ከሌባና ከተባይ ይጠብቃል፤ በረከቱንም ያበዛል።

አንድ ቡሉል ተቀርጾ ስላለቀ ብቻ ጠባቂ አይሆንም። ሥርዓት ይደረግለታል፤ አሳማ ይታረዳል፤ ደሙም ይቀባበታል፤ «ባያ» የተባለው የሩዝ ጠጅ ይቀርባል። ሥርዓቱን የሚመራው «ሙምባኪ» የተባለ ባህላዊ ካህን ነው። ሙምባኪ የሚጠራው አማልክትን ብቻ አይደለም። የዚያን ቤተሰብ የሞቱ ዘመዶች፣ በአባትም በእናትም ወገን ያሉትን፣ ስማቸውን እየዘረዘረ ወደ ማዕዱ ይጠራቸዋል። በእኛ አገር ሰው ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ሁሉ እዚያ ሩዝ ለመዝራትና ለማጨድም ዘር ይቆጠራል። ስለዚህ ካህኑ የአንድ መንደር የዘር መዝገብ በቃሉ የያዘ ሰው ነው።

ዛሬ አብዛኛው የኢፉጋኦ ሰው ክርስቲያን ነው። የሙምባኪዎች ቁጥርም በጣም ቀንሷል። አንዳንድ ቤተሰብ ሥርዓቱን ከነጭራሹ ትቷል፤ አንዳንዱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ሽማግሌውን ይጠራል። ስንት አሮጌ ቡሉልም ከጎተራ ወጥቶ ለቅርስ ነጋዴ ተሸጦ በሩቅ አገር ሙዚየምና ሳሎን ቆሟል። እምነት መለወጥ የእያንዳንዱ ሰው መብት ነው። ችግሩ ከሥርዓቱ ጋር ተያይዘው የኖሩት የቀን መቁጠሪያ፣ የዘር ሐረግና የጋራ ሥራ ሌላ መቀመጫ ሳይበጅላቸው አብረው መሄዳቸው ነው።

ሴቶቹ የሚዘፍኑት ረጅም ታሪክ

በአጨዳ ወቅት ሴቶች በመስመር ቆመው ዛላ ሲቆርጡ አንዲት ትልቅ ሴት ድምጿን ከፍ አድርጋ ትጀምራለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ይህ «ሁድሁድ» ነው። በዘር ጊዜ፣ በአጨዳና በለቅሶ ቤት ይዘፈናል። ከ200 በላይ ታሪኮች እንዳሉት ይነገራል፤ አንዱ ታሪክ 40 ያህል ክፍሎች ስላሉት ሙሉውን ለመጨረስ ቀናት ይፈጃል። ዜማው ለሁሉም ታሪክ አንድ ነው። አውጪዋ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፋች፣ በመንደሩ የተከበረች፣ ታሪኩንም የዘር ሐረጉንም የምታውቅ ሴት ናት።

ከታሪኮቹ ዝነኛው የአሊጉዮን ነው። አሊጉዮን የሐናንጋ መንደር ጀግና ነው። የአባቱን ጠላት ፍለጋ ሄዶ ፑምባካዮን የተባለ እኩያውን ያገኛል። ሁለቱ ለዓመታት ይዋጋሉ፤ ግን አንዱ ሌላውን ማሸነፍ ያቅተዋል። በመጨረሻ ይከባበራሉ፣ ይታረቃሉ። አሊጉዮን የፑምባካዮንን እህት ቡጋንን ያገባል፤ ፑምባካዮንም የአሊጉዮንን እህት አጊናያን ያገባል። ጠላትነቱ በዝምድና ያልቃል። ልጆች ይህን የሚሰሙት በመኝታ ሰዓት ከመጽሐፍ ሳይሆን ቀን ላይ፣ በጭቃ መካከል፣ እናቶቻቸው ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ ነው።

ዩኔስኮ ሁድሁድን እ.ኤ.አ. በ2001 ከዓለም ድንቅ የቃል ቅርሶች አንዱ ብሎ አወጀው፤ በ2008 ደግሞ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ይሁን እንጂ ታሪኩን በሙሉ የሚያውቁት ሴቶች ጥቂትና ያረጁ ናቸው። ዘፈኑ የሚኖረው ብዙ ሴቶች አንድ ላይ ሲያጭዱ ነው። በማሳው ላይ ሦስት ሰው ብቻ ከቀረ ማን አውጥቶ ማን ይቀበላል?

ሥራው ሲያልቅ

አጨዳው እንዳለቀ በሁንግዱዋን አካባቢ «ፑኑክ» ይደረጋል። የመንደሮቹ ሰዎች በሐፓኦ ወንዝ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ። መቆለፊያ ባለው እንጨት ተያይዘው ውሃው ውስጥ ቆመው ይጓተታሉ፤ ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች። ጨዋታው የአጨዳው ወራት መዘጋቱን ያበስራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፑኑክ ከካምቦዲያ፣ ከደቡብ ኮሪያና ከቬትናም የጉተታ ጨዋታዎች ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

«ቱንጎ» የሚባል የዕረፍት ቀንም አለ። በዚያ ቀን ማሳ መውረድ አይፈቀድም። ሀብታምም ድሀም ያርፋል፤ መሬቱም ያርፋል። ቤተሰብ ተሰብስቦ ይበላል፣ ይጠጣል። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ለምንውል ለእኛም ሊቀናበት የሚገባ ልማድ ነው።

የበኩር ልጅ ጥያቄ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በኢፉጋኦ ልማድ ምርጡ ማሳ የሚተላለፈው ለበኩር ልጅ ነው፤ ወንድም ሆነ ሴት። ብዙውን ጊዜ ርስቱን የሚረከበው ወላጆቹ እስኪሞቱ ጠብቆ ሳይሆን ሲያገባ ነው። ዓላማው ማሳው ተቆራርሶ እንዳያልቅ ነው። ታናናሾቹ ከተረፈው ይካፈላሉ ወይም ሌላ ኑሮ ይፈልጋሉ።

ለትውልዶች ይህ ሠርቷል። አሁን ግን በኩሩም ተማሪ ነው። ወላጅ ካለው ላይ ቀንሶ ልጁን ወደ ባጊዮ ወይም ወደ ማኒላ ኮሌጅ ይልካል። ልጁ መምህር፣ ነርስ፣ መሐንዲስ ይሆናል። ሴት ልጅ ደግሞ እንደ ብዙ የፊሊፒንስ ሴቶች ወደ ሆንግ ኮንግ ሄዳ በሰው ቤት ትሠራና ገንዘብ ትልካለች። በዓረብ አገሮች ከፊሊፒናውያን ጋር አብረው የሠሩ እህቶቻችን ይህን ኑሮ በደንብ ያውቁታል። ታዲያ ማን ይፈርድባቸዋል? ጭቃ ውስጥ ጎንብሶ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያጭድ ቤተሰብ የሚያገኘው ሩዝ ብዙ ጊዜ ዓመቱን አያደርሰውም። ድሮም ቢሆን ሩዝ ዓመቱን ሙሉ መብላት የባለጸጋ ምልክት ነበር፤ ድሀው ስኳር ድንች ይበላ ነበር። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ የተራራውን ሩዝ ሲጨርስ ከሜዳ የመጣ ሩዝ ከገበያ ይገዛል።

ግን ካብ ሳይጠገን ዓመት ማሳለፍ አይችልም። አንድ ማሳ ባለቤት ሲያጣ ውሃው ይደርቃል፤ ሲደርቅ ጭቃው ይሰነጠቃል፤ ትልልቅ የመሬት ትሎች ገብተው ይቦረቡሩታል። በክረምቱ ከባድ ዝናብ ሲመጣ የተቦረቦረው ካብ ይናዳል፤ ከታች ያለውንም ይዞ ይወርዳል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለምግብነት ተብሎ ወደ ፊሊፒንስ የገባው የደቡብ አሜሪካ ቀንድ አውጣ ማሳዎቹን ወርሮ ለጋውን ችግኝ ይበላል። ሴቶች አንድ በአንድ እየለቀሙ ያወጡታል፤ ይህም ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበት ደግሞ የጠፋው ነገር ነው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 እርከኖቹን አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። ካብና ቦይ ከተጠገነና የአስተዳደር ሥራ ከተሠራ በኋላ በ2012 ከዝርዝሩ ወጡ። ለሁድሁድ ልጆችን በትምህርት ቤት የማስተማር ሥራ ተጀምሯል። ቲናዎን ሩዝም በማኒላና በውጭ አገር ሳይቀር ጥሩ ዋጋ የሚሰጡ ገዢዎች አግኝቷል። ይህ ሁሉ ተስፋ ነው። ሆኖም ገንዘብ ካብ ሠሪ ሊቀጥር ይችላል እንጂ የትኛው ዛላ ለዘር እንደሚመረጥ የሚያውቅ ሰው አይቀጥርም። ያ ሰው ማሳው ላይ ማደግ አለበት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህን ስናነብ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በደቡብ ኢትዮጵያ የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ ካብ የሠራው እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዕድሜው ከ400 ዓመት በላይ ሲሆን 21 ትውልድ ተቀባብሎታል። ኮንሶም እንደ ኢፉጋኦ ካቡን የሚጠብቀው በጋራ ሥራ ነው። እዚያም ወጣቱ ከተማ ሲገባ ካቡ ባለቤት ይፈልጋል።

የኢፉጋኦ ታሪክ «ልጆቻችሁን አታስተምሩ» አይልም። እዚያ ያሉ ወላጆችም እንዲህ አይሉም። የሚለው ሌላ ነው፦ ልጅ ለመማር ከቤት ሲወጣ የቤቱን እውቀት ሳይዝ እንዳይወጣ ነው። ልጁ ነርስ ሆኖ በአጨዳ ወር ለእረፍት ሲመጣ ስለቱን ጨብጦ ከአያቱ ጋር ማሳ የሚወርድ ከሆነ ርስቱ ገና ወራሽ አለው። እንግዳ ሆኖ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ከሆነ ግን ካቡ ቢቆምም የለም።

እኛ ከተማ የምንኖር ቤተሰቦች ማሳ ላይኖረን ይችላል። ሆኖም እያንዳንዳችን ቤት በቃል ብቻ የኖረ አንድ እውቀት አለ። በርበሬ እንዴት እንደሚደለዝ፣ የጠላው ድፍድፍ በምን እንደሚታወቅ፣ የትኛው ማኛ ጤፍ ከየት እንደሚመጣ፣ የአያት ስም እስከ ሰባት ቤት። በኢፉጋኦ እንዳየነው እንዲህ ያለ እውቀት የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። «ሌላ ጊዜ እጠይቃታለሁ» በሚባልባቸው ዓመታት ነው።

ከልጆችዎ ጋር ይሞክሩት

በሚቀጥለው ጊዜ ሩዝ ሲቀርብ ለልጆችዎ የአሊጉዮንን ታሪክ ይንገሯቸው፤ ሁለት ጀግኖች ተዋግተው፣ ማንም ሳያሸንፍ እንዴት ዘመዳሞች እንደሆኑ። ካርታ አውጥተው ሉዞን ደሴትን አብረው ይፈልጉ።

ከዚያም አያት በሕይወት ካሉ ልጆቹ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቋቸው፦

- ልጅ ሳሉ ዘር በቤታችሁ የሚቀመጠው የት ነበር? ማንስ ነበር የሚመርጠው?
- በደቦና በወንፈል ጊዜ ምን ይዘፈን ነበር? አውጪው ማን ነበር?
- እናትዎ አስተምረውዎት እርስዎ ግን ለማንም ያላስተማሩት ነገር ምንድን ነው?

ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ ሲመጣ ስልክዎን አስቀምጠው አብረው ይስሙ። ከተቻለም በዚያው ሳምንት ልጅዎ ከአያቱ ጎን ቆሞ በእጁ ይሞክረው።